ወደ ላይ ስለሚወጣ ቃል

ሰው ሁለት ሆኖ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ መሆኑ አልቀረም። ይህም በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ መሪ ልሁን ቢል ድልድይ አይሠራም፤ ሕመምተኛ አይታከምም፤ ልጅም አይማርም። ነገር ግን ከአዛዡ ወደ ታዛዡ የሚወርድ ቃል እንዳለ ሁሉ፣ ከታዛዡ ወደ አዛዡ የሚወጣ ቃልም አለ። የሚወርደው ቃል ማኅተም አለው፤ ቍጥር አለው፤ በደብዳቤ ይጻፋል፤ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የሚወጣው ቃል ግን ብዙውን ጊዜ ማኅተም የለውም። በደጅ ይቆማል፤ ጕረሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያም «ግድ የለም፤ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ይመለሳል። እኔም ዛሬ ደጅ ጠንቶ ስለሚመለሰው ስለዚህ ቃል ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የታችኛው ሰው የሚያውቀውን የላይኛው ሰው ሳያውቀው ቀርቶ ጕዳት ቢደርስ፣ በደሉ የማን ነው? ያልተናገረው ሰው ነውን? ወይስ ያልሰማው?

አንባቢዬ ከመጀመሪያው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ ይህን የምጽፈው እንደ ዳኛ ሆኜ አለመሆኑን ነው። ከተከሳሾቹ አንዱ እኔ ነኝ። ወደዚያ በኋላ እመጣለሁ።

ስለሚወርደው ቃል ብዙ አልናገርም፤ ጕድለቱ ቶሎ ይታያልና። በ1881 ዓ.ም. የተጻፈው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ «ይቻላቸዋል» የምትል አንዲት ቃል ይዞ፣ ያችው ቃል በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆና መገኘቷን፣ ነገሩም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ እንዴት እንደ ተፈጸመ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለማይገኝ አልደግመውም። በየመሥሪያ ቤታችን ግን ከዚህ ያነሰ፣ በየቀኑ የሚደርስ ጥፋት አለ። «ጕዳዩ በሚመለከተው አካል ተገቢው ትኩረት ተሰጥቶት እንዲፈጸም» የሚል ደብዳቤ ስንት ጊዜ አይተናል! እኔ ሰዋስው ሳስተምር ተማሪ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቢያመጣልኝ «ባለቤቱ ማን ነው?» ብዬ በቀይ ቀለም እጠይቀው ነበር። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ባለቤት የሌለው ሥራ ይወልዳል። ይህን ያህል ስለ እርሱ ይበቃል።

ቋንቋችንን ብንመረምር የሚወርደውን ቃል እንደሚያከብር፣ የሚወጣውን ግን እንደሚጠራጠር እናገኛለን። በቀድሞው ሥርዐታችን የዳኞች ሁሉ አለቃ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። የንጉሡን ደብዳቤ የሚያጽፈው ሹም ደግሞ «ጸሐፌ ትእዛዝ» ነበር። አፍና ትእዛዝ እንዲህ ያለ ክብር ሲያገኙ፣ በጆሮ ስም የተጠራው ሰው ግን «ጆሮ ጠቢ» ነው፤ እርሱም ሰላይ ነው። ነገር ወደ ላይ የሚያደርሰውን ሰው የምንጠራበት ስም አሳባቂ ወይም ነገር አመላላሽ ነው። ልጆች ሳለን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባልን አደግን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውንም ከዚያው ጋራ ተማርን። እነዚህን ያወጡ አባቶች ሞኞች አልነበሩም፤ ሳይጠሩት አቤት ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት በዐይናቸው አይተው ነው። ይኸው ቋንቋ ደግሞ መካር የሌለው ንጉሥ ዓመት እንደማይነግሥ ይናገራል። መካሪው ግን ሳይጠራ አቤት እንዳይል ተደርጎ ካደገ፣ ንጉሡም በአንድ ዓመት ውስጥ መጥራቱን ቢረሳ፣ ምክሩ በየት በኩል ይገባል?

እርግጥ ነው፣ በአደባባይ ቆሞ «አቤት! አቤት!» የማለት የቆየ ልማድ ነበረን። ተበዳይ የሹም በቅሎ ፊት ወድቆ ይጮኽ ነበር፤ መልካም አለቃም ቆሞ ይሰማው ነበር። ይህ ግን ሰው ስለ ራሱ በደል የሚያሰማው ጩኸት ነው። ለራሱ ምንም የማይጠቅመውን፣ «ጌታዬ፣ ሥራው ሊበላሽ ነው» የሚለውን ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ቦታም፣ ስምም አልተሰጠውም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የኦሪት ዘጸአትን 18ኛ ምዕራፍ እንድናጠና ተደርገን ነበር። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ ይህስ አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳ፣ የዐሥር አለቆችን ሹም ብሎ መከረው። ሻለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የዐሥር አለቃ የሚባሉት የሠራዊታችን ማዕርጎች በዚሁ ቍጥር መሄዳቸውን ያን ጊዜ ሳስተውል ትልቅ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። መምህራችንም ሥራን ስለ ማካፈል አስተማሩን። የምክሩን ሁለተኛ እጅ ያስተዋልሁት ግን ራሴ አለቃ ሆኜ ከወደቅሁ በኋላ ነው። ዮቶር መሰላሉን ያሠራው ቀላሉ ነገር በታች እንዲያልቅ፣ ከባዱ ነገር ግን ወደ ላይ እንዲወጣ ነበር። መሰላል መውጫ ነው። እኛ ግን መሰላሉን ትእዛዝ ማውረጃ ብቻ አድርገነው፣ ከባዱ ነገር ከታች ሲቀር ቀላሉ ነገር (የበዓል ዝግጅቱ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ደብዳቤው፣ የወንበሩ ቀለም) ወደ ላይ ይወጣል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ረኀብ ሲገባ እኔ የዐሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ከሬዲዮ አይደለም፤ ከጭነት መኪና ሹፌር አፍ ነው። በደሴ መንገድ ዳር የተራቡ ሰዎች ቆመው መኪና ያስቆሙ ነበር። ሹፌሩ ያውቅ ነበር፤ ረዳቱ ያውቅ ነበር፤ ሻይ የምታፈላላቸው ሴት ታውቅ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ሄደው ያዩ መምህራንና ተማሪዎችም ፎቶግራፍ አንሥተው መጥተው አሳዩ። ነገሩ ግን የአገር ስም ያጐድፋል ተብሎ እንዲሸፈን ተደረገ። በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ያንኑ ፊልም የአዲስ አበባ ሰው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ተሰባጥሮ አየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ንጉሠ ነገሥቱ ያውቁ ነበር፣ አያውቁም ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ምክንያቱም ከሁለቱ ማንኛውም እውነት ቢሆን ለጥያቄዬ መልስ አይሆንም። ያውቁ ከነበረ ነገሩ ግልጽ ነው። አያውቁም ነበር ከተባለ ግን፣ ሹፌርና ረዳት የሚያውቁትን ነገር የአገር ራስ ሳያውቀው የሚቀርበት ቤት እንዴት ተሠራ? አለማወቅም ግንበኛ አለው። ማንም ባለሥልጣን በአንድ ቀን ጥዋት ተነሥቶ «ረኀብን አትንገሩኝ» ብሎ አያውጅም። ክፉ ወሬ ያመጣውን ሰው አንድ ቀን ፊት ይነሣዋል፤ መልካም ወሬ ያመጣውን ይሾመዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በራሱ ጊዜ ይገነባል።

ይህ የድኻ አገር ወይም የአሮጌ ሥርዐት በሽታ ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ ሌላ ምሳሌ ልንገረው። በጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1986) ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ከምድር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ላይ በአየር ላይ ተበታተነች፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ከ11,000 በላይ ከሆኑ መምህራን መካከል ተመርጣ፣ ከጠፈር ሆና ለልጆች ትምህርት ልትሰጥ ነበር የሄደችው፤ ተማሪዎቿም በየክፍላቸው ተቀምጠው በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርሁና ወሬውን በሬዲዮ ስሰማ እንደ ዘመዴ ሞት ሆነብኝ።

አሁን የምናገረው ግን ስለ ዋዜማው ሌሊት ነው። ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች፣ የሮኬቱን ክፍሎች መገጣጠሚያ የሚዘጋው የጐማ ቀለበት በብርድ ጊዜ እንደሚደርቅና ጋዝ እንደሚያሳልፍ ፈርተው ነበር። ሮጀር ቦይዥሊ የተባለው መሐንዲስ ከስድስት ወር በፊት፣ በሐምሌ 1977 ዓ.ም.፣ ይህ ካልተስተካከለ የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ በግልጽ ቃል ለአለቃው ጽፎ ነበር። በዋዜማው ማታ በሦስት ከተማ ያሉ ሰዎች በስልክ ተሰበሰቡ። መሐንዲሶቹ ብርዱ ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ አትነሣ አሉ። ከመንግሥቱ መሥሪያ ቤት የነበሩት ሹማምንት ግን ምክሩን አልወደዱትም፤ እስከ መቼ ልንጠብቅ ነው አሉ። ኩባንያው «አምስት ደቂቃ ስጡን» ብሎ መስመሩን ዘጋ፤ አምስቱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ከፍተኛ ሹም የምሕንድስናውን ኀላፊ፣ የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቀህ የአስተዳዳሪነትህን ድፋ አለው። አራት አስተዳዳሪዎች ተስማሙ፤ መሐንዲሶቹ ድምፅ አልተጠየቁም። መስመሩ ሲከፈት «ትነሣ» ተባለ። በማግሥቱ ስትነሣ ብርዱ ሁለት ዲግሪ ገደማ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በኋላ የተሠየመው የሮጀርስ ኮሚሽን ያገኘው ነው፤ የመጨረሻውን ፈቃድ የሰጡት የበላይ ሹማምንት በዋዜማው እንዲህ ያለ ክርክር መደረጉን ከቶ አልሰሙም ነበር። ክርክሩ ከእነርሱ በታች ባለው ደረጃ ላይ አልቆ ቀረ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ስልክ አልጐደላቸውም። ዕውቀትም አልጐደላቸውም። ከ17 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ኮሎምቢያ የተባለችው ሌላይቱ መንኰራኵር ስትመለስ ተሰባብራ ሌሎች ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ መሐንዲሶች ጕዳቱን የሚያሳይ ሥዕል እንዲነሣ ጠይቀው ሳይፈቀድላቸው ቀርቶ እንደ ነበር ታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን ስላለ ነገር ይሰማል የሚለኝን ወጣት ሁሉ አላምነውም። መሣሪያው ቃሉን ያደርሳል እንጂ ቃሉን አፍ ላይ አያወጣውም። አለቃው በቡድኑ ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ አርባ ሰው «እሺ» ብሎ ይመልሳል፤ አርባው «እሺ» ውስጥ ስንቱ «አይሆንም» እንደ ተቀበረ የሚያውቅ የለም። በየኮሪደሩ የተሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሣጥንም ያው ነው። እኔ ከማውቃቸው ሣጥኖች መካከል የአንዱ ቍልፍ ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጠፋ ብሎ የነገረን ሰው ግን አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልመለስ። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአንድ የገጠር ከተማ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበርሁ። ከትምህርት ቤቱ ሕንጻዎች አንዱ በዕንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል በዚያ ይማር ነበር። ዘበኛችን በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ መጻፍና ማንበብ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ግቢውን ሲዞሩ በኋለኛው ግድግዳ ምሰሶ ላይ ምስጥ መግባቱን አዩ። በዱላቸው ቢነኩት እንደ ዱቄት ረገፈ። «ይህ ግድግዳ ክረምቱን አይሻገርም፤ ሊወድቅ ነው» ብለው ለንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነገሩት። ሠራተኛው ለክፍሉ ኀላፊ «ግድግዳው ተሰንጥቋል ይላሉ» አለው። ኀላፊው በሩብ ዓመት መግለጫው ላይ «ጥገና የሚያስፈልጋቸው አንዳንድ ክፍሎች አሉ» ብሎ ጻፈ። እኔም ያንን መግለጫ ተቀብዬ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሳስተላልፍ «የመማሪያ ክፍሎች በአጥጋቢ ሁኔታ ላይ ሲሆኑ፣ መጠነኛ ጥገና በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይታያል» አልሁ። አንባቢዬ ይህን ሰንሰለት ደግሞ ይመልከተው። ውሸት የተናገረ አንድም ሰው የለበትም። እያንዳንዱ ቃሉን ጥቂት አለዘበው፤ «ሊወድቅ ነው» የተባለው ግድግዳ እኔ ዘንድ ሲደርስ «አጥጋቢ» ሆነ።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናብ ሳይበረታ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። ልጆቹ ለጨዋታ ወጥተው ነበርና ብዙዎቹ ተረፉ። አንዲት ልጅ ግን ደብተሯን ልትወስድ ተመልሳ ነበር። እግሯ ተሰበረ፤ ሐኪም ቤት ርቆ ስለ ነበር ቶሎ አልታሰረም፤ አካለ ስንኩል ሆና ቀረች።

ምርመራ ሲመጣ «ግድግዳው በከባድ ዝናብ ምክንያት ወደቀ» ብዬ ጻፍሁ። ዝናብ ዘንቦ ነበርና ይህም ውሸት አይደለም። ከበላይ ደግሞ «ግቢውን የሚጠብቀው ሠራተኛ አደጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ አላስታወቀም» የሚል ነገር ተነሣ። መጻፍ የማይችልን ሰው በጽሑፍ አላስታወቀም ብሎ መክሰስ ምን ማለት እንደ ሆነ ዛሬ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን ፈረምሁ። ዘበኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ምን እንደሚል ያነበብሁላቸውም እኔ ነኝ።

አንብቤ ስጨርስ፣ «አባባ፣ ለምን በቀጥታ ለእኔ አልነገሩኝም?» አልኋቸው። ቆብ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር።

«ጌታዬ፣ መጥቼ ነበር» አሉኝ። «ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ።»

«ስብሰባው ሲያልቅ አይመለሱም ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «አምና ስለ ውኃው ቧንቧ ስነግርዎ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ በር ይጠብቁ ብለውኝ የለ?» አሉ።

እኔ ይህን ማለቴን ፈጽሞ አላስታውሰውም ነበር። ብዬ እንደ ነበረ ግን አልተጠራጠርሁም፤ ቃሉ የእኔ ቃል ነውና። ምናልባት ደክሞኝ ነበር፤ ምናልባት የፈተና ወረቀት ሳርም ነበር። አለቃ በአንድ ቀን መቶ ቃል ይናገራል፤ መቶውንም ይረሳል። ታዛዡ ግን አንዷን ቃል እንጀራው በእርሷ ላይ እንደ ተንጠለጠለች አድርጎ ይይዛታል፤ እንጀራውም በእርግጥ በእርሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ጥያቄዬን እንደ ገና ላንሣው። ያልተናገረው ነው ወይስ ያልሰማው? ዘበኛው አንድ ጊዜ ተናግረዋል፤ ሁለተኛ ጊዜም እስከ በሬ ድረስ መጥተዋል። ሦስተኛ ጊዜ መጮኽ ነበረባቸው የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ግድግዳው ሥር ልጆች መቀመጣቸውን ሳስብ እንዲህ ለማለት እፈተናለሁ። መሐንዲሱ ቦይዥሊም በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ በዋዜማውም ማታ ተከራክሮ፣ ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ይበልጥ ማድረግ ይቻለኝ ነበርን እያለ ብዙ ዘመን ተጨንቋል። ሕሊና እንዲህ ያለ ነው፤ ብዙ ያደረገውን ሰው ይበልጥ ይወቅሳል። ነገር ግን በደል የሚመዘነው ሰው ለማድረግ ከሚከፍለው ዋጋ ጋራ ነው። ዘበኛው ለመናገር እንጀራቸውን መያዣ ማድረግ ነበረባቸው። እኔ ለመስማት የሚጠፋብኝ ዐሥር ደቂቃ ነበር። እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያዘነብላል?

በመካከል ያሉትን ሁለቱን ግን እንዲሁ አልለቃቸውም። ንብረት ክፍሉም ኀላፊውም መጻፍ ያውቁ ነበር፤ በሬም ክፍት ነበረላቸው። «ሊወድቅ ነው» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ያንኑ ቃል ሳይለውጥ ማሳለፍ ግዴታው ነው። የሰማኸውን ለማለዘብ ሥልጣን የሰጠህ የለም። ከሌላ ሰው የተቀበልኸውን ገንዘብ ጥቂት ቀንሰህ ብታሳልፍ ሌባ ትባላለህ፤ ከሌላ ሰው የተቀበልኸውን እውነት ቀንሰህ ስታሳልፍ ግን ጨዋ፣ አንደበተ ለዝባ ትባላለህ። እኔም ቢሆን ለበላይ ሳስተላልፍ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ በድያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንደ አለቃ፣ አንድ ጊዜ እንደ ታዛዥ።

አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ተቃወመኝ። «አንተ የምትለው ቢሆን» አለኝ፣ «ርእሰ መምህሩ ሲያዳምጥ ይውላል እንጂ ሥራ አይሠራም። ደግሞም ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ምቀኝነትም ይወጣል።» እውነቱን ነው። ግምገማ በሚባለው ስብሰባ ሰው በሰው ላይ እየተነሣ ሲናገር ያየ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ ግን በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ፤ ስለ ሰው ብዙ ይነገር ነበር፤ ስለ ግድግዳ ግን አንድም ቃል አይነገርም ነበር። ማሳበቅ ስለ ሰው ነው፤ ማስታወቅ ስለ ሥራ ነው። ፍርሀት በበዛበት ቤት ሁለተኛው ሲሞት የመጀመሪያው ይወፍራል። አለቃ የሚነገረውን ሁሉ አያምንም፤ ወጥቶ ግን በዱላው ምሰሶውን መንካት ይችላል። ባልደረባዬ ደግሞ አክብሮት ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ነቢዩ ናታን ንጉሡን ዳዊትን ሲገሥጽ በአንዲት በግ ምሳሌ ጀመረ፤ ከንጉሡ ክብር አልቀነሰም፤ ከነገሩም ምንም አልቀነሰም። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሕዝብ ነንና ይህን መንገድ አናጣውም፤ በቅኔ ማሕሌት ወርቁን ፈልጎ ማግኘት ደስታ ነው። በመሥሪያ ቤት ግን ወርቁ ሳይገኝ ከቀረ ልጅ እግሯን ትሰበራለች። ናታንም ቢሆን ምሳሌውን ጨርሶ ያ ሰው አንተ ነህ እስከሚለው ድረስ አልተቀመጠም።

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዘበኛው ፋይል አውጥቼ በፊታቸው ቀደድሁት። ግልባጩ ግን ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄዷል፤ እስከ ዛሬም በዚያ ይገኝ ይሆናል። ልጅቱ አድጋ ሱቅ ከፍታለች። በመንገድ ስታየኝ ዱላዋን ወደ ግራ እጇ አዛውራ እጅ ትነሣኛለች፤ ምን እንደ ሆነ የምታውቀው ዝናብ መጣል ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ካነበበች ሌላውንም ታውቃለች።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ወደ ዘበኛው ጎጆ እየሄድሁ በአግዳሚ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ ጀመርሁ። «አባባ፣ እኔ የማላውቀው ምን ነገር አለ?» እላቸዋለሁ። «ሁሉ ደኅና ነው፣ ጌታዬ» ይሉኛል። ቡና ያቀርባሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል ዋጋ እናወራለን፤ እነሣለሁ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። በአምስተኛው ወር በአንዱ ዓርብ፣ ስኒውን ካስቀመጡ በኋላ፣ ወደ በሩ እየተመለከቱ፣ «ጌታዬ፣ ይኸ ከግምጃ ቤት የሚወጣው ቆርቆሮ ነገር...» ብለው ጀመሩ። ግምጃ ቤቱ የምወደውና የማምነው ሰው የያዘው ነበር። ምንም አልተናገርሁም፤ ፊቴ ግን ሳላዘው ተኮሳተረ መሰለኝ። አዛውንቱ ፊቴን አዩና ቃሉን አቋርጠው፣ «ዝገት ጀምሮታል ልልዎ ነው» አሉ። የቀረውን ለመስማት የሚቀጥለውን ዓርብ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን መጠበቅ ነበረብኝ።